አምስተኛው ወረቀት

ዶርሙ ውስጥ ስድስት ናቸው፤ ተጠሪው እሱ ነው። የሥነ ልቦና መምህሩ ለጥናታቸው ያዘጋጁትን መጠይቅ ያደለውም እሱ ነው። «ስም አይጻፍም፤ እውነቱ ብቻ ይጻፍ» ብለውታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በዶርምዎ ግብረ ሰዶማዊ ተማሪ አለ?» ይላል።

እሱ እንኳ አንድ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ መስታወት ውስጥ ሆኖ ያፈጥበታል።

ስለዚህ እንደ ልማዱ ማንም አፉን ሳይከፍት ቀደመና «እዚህ ዶርም? የስድስታችንም እግር እንዲህ እየገማ ማን ማንን ሊመኝ ነው!» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገመቹማ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ ሲንፈራፈር ብረቱ ሁሉ ተንቋቋ። እሱም ደስ አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየቀለደ ነው የከረመው። ወረቀቱ ላይ «የለም» ብሎ በደማቁ ጻፈ፤ የሁሉንም ሰበሰበና የራሱን ከሥር አድርጎ ወጣ።

ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሲደርስ ግን አላስችል አለው፤ ግራ ቀኙን አይቶ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረጋቸው። አራቱ «የለም» ይላሉ። አምስተኛው ላይ ዶሮ የጫረው የሚመስለው የገመቹ ጽሑፍ «አለ» ይላል።

ከዚያ በታች «ካለ፣ ምን አደረጉ?» የሚል ጥያቄ አለ። ገመቹ እንዲህ ብሎ መልሷል፦

«ቀልዱ አያስቅም። ግን እንዳይፈራ ብለን ሁላችንም እንስቅለታለን።»