የኪራይ ልብ ወለድ

ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ሻይዋን ቆማ ጠጣችና ሥራ ከመግባቷ በፊት መጽሐፍ አከራዩ ዘንድ ጎራ አለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ የፍቅር ልብ ወለድ ስትከራይ የመጀመሪያዋ ነው። በሕይወት ሳለ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያነብላት ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት! ተማሪዎችሽ ቢሰሙ ጉድሽ ፈላ» ይላታል በየምዕራፉ። ንባቡን ግን አያቋርጥም።

ዛሬ የፈለገችው እሱ ካነበበላት ሁሉ አብልጣ የምትወደውን ነው። የሰው ደስታ ማየት አምሯታል፤ በመጽሐፍም ቢሆን።

አከራዩ ከመደርደሪያው ስቦ አወጣላት። «መሐረብ ይያዙ እትዬ። ይሄን ሳያለቅስ የመለሰልኝ ሰው የለም።»

«ለምን? መጨረሻው ላይ ይጋባሉ እኮ።»

«እነዚህ?» ሳቀ። «ከሌላ ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል።»

እዚያው ቆማ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠች። የፍቅረኞቹ ስም ያው ነው፤ የተቀደደ ገጽም የለም። ልጅቷ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች፤ ልጁ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

ባሏ ድምፁን ሞቅ አድርጎ ያነበበላት ሠርግ፣ ሙሽራዋ ቀሚሷን ረግጣ የሳቀችበት፣ አማትየው እስክስታ የወረዱበት ሠርግ፣ መጽሐፉ ውስጥ የለም።