ለማን ነው?

እናታቸው እንቁላሉን ስልሱ ላይ ሰብራ፣ ሳትነካካው ትከድነው እንደነበር ሰሀር ትናገራለች። አዩብ ደግሞ እያማሰለች ስታበስለው በዓይኔ አይቻለሁ ይላል። እናታቸው ከታመመች ወዲህ ብዙ ነገር ስለሚጠፋባት፣ እጇ ያስታውስ እንደሆነ ብለው እንቁላሉን አስያዟት።

"ይማሰላል አይደል፣ እማዬ?" አለ አዩብ።

"አትንገራት እንጂ" አለች ሰሀር።

እናትየው የሚንተከተከውን ቲማቲም፣ ከዚያም ሁለቱን ልጆቿን አየች። "ለማን ነው?"

አዩብ ያኔ ትዝ አለው። ልጅ ሳለ አስኳሉ ሲፈስ ይቀፈው የነበረው እሱ ነው፤ ሰሀር ግን ዳቦዋን እዚያው አስኳል ውስጥ እያጠቀሰች ነበር የምትበላው። ለካ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

"ላንቺ ነው" አላት።

ስልሱ ከታች መያዝ ጀመረ። እናትየው እንቁላሉን መዳፉ ላይ መለሰችለት።

"ለእኔ ከሆነስ እንቁላሉ ይቅር። ስልሱን ብቻ በዳቦ እበላለሁ።"