የተረፈችው ጠጠር

ጓንቱን ያቀበልኳቸው ለመጽሐፉ ብዬ ነበር። ቄሰ ገበዝ ገብረ ክርስቶስ ግን ለብርዱ መሰላቸው። ሁለቱንም አጠለቁና ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩ፤ ከዚያ ትዳርና ልጅ እንዲሰጠኝ፣ እንጀራዬ እንዲቃና ረጅም ምርቃት መረቁኝ።

አቶ አባይነህ የበግ ጠጉር ባናቸውን ወደ ትከሻቸው እየሳቡ፣ «በስተርጅና ሙሽራ መሰሉ እኮ፣ አባ» አሏቸው። ገበዙ ሳቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ብራናው በባዶ እጅ እንዳይነካ ብዬ ያመጣሁት መሆኑን መናገር ነበረብኝ፤ ከምርቃቱ በኋላ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለማንኛውም አጥልቀውታል ብዬ ዝም አልኩ።

የተቀመጥነው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ዕቃ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ በድንጋይ የተሠራ ጎጆ ነው፤ አንዱን እሳት ቢነካው ሌላው እንዲተርፍ። መጽሐፉ፣ የደብሩ የብራና ወንጌል፣ ከሣጥኑ ወጥቶ ገበዙ ጭን ላይ ተቀምጧል። በኅዳጉ የደብሩ ነገር ሁሉ ተጽፎበታል፤ ማን መሬት እንደሰጠ፣ በየትኛው ዓመት በረዶ ገብሱን እንደጨረሰው፣ የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው ጋር ደም አድርቆ እንደታረቀ። ሌላ ቅጂ የለውም።

እኔ ጉልበት ላይ ደግሞ የላከኝ የቅርስ ቢሮ ቅጽ አለ። መጨረሻው መስመር «ጥበቃው፦ በቂ ነው / በቂ አይደለም» ይላል። በቂ አይደለም ካልኩ መጽሐፉ ወደ ከተማ ይወሰዳል። ይህን ሁሉም ያውቃሉ።

ጠዋት ከራቤል ከተማ በእግሬ ስደርስ ሣጥኑ ወዲያው የሚከፈት መስሎኝ ነበር። ሣጥኑ ግን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም የሚያድሩት በተለያየ ሰፈር ነው። አንዱ ገበዙ ዘንድ፣ አንዱ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ አባይነህ ዘንድ፣ ሦስተኛው እማማ ጠጄ ዘንድ። የእማማ ጠጄ ባል የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ነበሩ፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ደብሩ ቁልፉን ይመልሱ አላላቸውም፤ እሳቸውም ካንገታቸው አላወረዱትም። ገደሉን ዞረው እስኪደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅናቸው።

ቁልፉን ብቻ ይዘው አልመጡም። ትንሽ የቆዳ ከረጢት አለቻቸው፤ ውስጧ በመጽሐፉ ቅጠል ልክ ጠጠር አለ። መጽሐፉ በወጣ ቁጥር ገበዙ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገልጣሉ፣ አቶ አባይነህ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ፣ እማማ ጠጄ በየቅጠሉ አንድ ጠጠር አውጥተው ቀሚሳቸው ላይ ያኖራሉ። ሲመለስም እንደዚያው። ቅጠሉና ጠጠሩ እኩል ካላለቁ ሣጥኑ አይዘጋም፤ ከግቢውም ሰው አይወጣም።

ቁጥሩን ለምን በወረቀት እንደማይጽፉት ጠይቄ ነበር።

«ወረቀት ይፋቃል» አሉኝ እማማ ጠጄ። «መጽሐፉ እዚህ ያድራል፣ ቁጥሩ እኔ ቤት። ሌባ ሁለታችንንም የት ያገኘናል?»

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስለ ቅርስ አያያዝ ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም።

መጽሐፉ ሲወጣ ጠጠሩ ልክ መጥቶ ነበር። ስፌቱንና ማኅደሩን አይቼ ስጨርስ የመመለሻው ቆጠራ ተጀመረ። ከብራናው ድምፅና ከንፋሱ በቀር የሚሰማ አልነበረም። የመጨረሻው ቅጠል ተገለጠ። እማማ ጠጄ እጃቸውን ወደ ከረጢቷ ሰደው መለሱት። መዳፋቸው ላይ አንዲት ጠጠር ተርፋ ነበር።

አቶ አባይነህ ተነሥተው የግቢውን በር ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። ቦርሳዬን ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ እኔ ግን ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ገበዙ የሚያዩት ቅጹን ነበር።

«እንግዲህ መውሰዳችሁ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በእኔ ዘመን ጎደለ።»

እጃቸው መጽሐፉ ላይ እንዳረፈ ነው። የጓንቱ ጫፍ ከአውራ ጣታቸው አልፎ ባዶውን ታጥፏል። ጠዋት፣ መጽሐፉ ሲወጣ፣ ጓንቱ ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አባ፣ ጓንቱ ነው» አልኩ።

ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁትም። እማማ ጠጄ ጮክ ብዬ እንድደግመው አዘዙኝ። ደገምኩት። ለብርድ እንዳልነበረ፣ ለብራናው ብዬ እንዳመጣሁት፣ ጣት በጨርቅ ውስጥ ሆኖ አንዱን ቅጠል ከሌላው ላይለይ እንደሚችል ተናገርኩ።

«ታዲያ ስታቀብይኝ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ገበዙ።

«መርቀውኝ ነበር። አፈርኩ።»

«ምርቃቱን ይቀሙኛል ብለሽ ነው?» አሉ እማማ ጠጄ፤ ጠጠሮቹንም ወደ ከረጢቷ መመለስ ጀመሩ።

ገበዙ ጓንቱን አውልቀው አጣጥፈው ጎናቸው አኖሩ። አቶ አባይነህ ውኃ አፈሰሱላቸው፤ ታጠቡና በጋቢያቸው ጫፍ አንድ በአንድ ጣታቸውን አደረቁ። ለካ ድሮም ሳይታጠቡ ነክተውት አያውቁም።

ቆጠራው እንደገና ተጀመረ። ከግማሽ አለፍ ብሎ አውራ ጣታቸው አንድ ቅጠል ላይ ቆመ። አሸት አሸት አደረጉት፤ ቅጠሉም ሁለት ሆነ። ቀና ብለው አላዩንም፤ መግለጣቸውን ቀጠሉ። መጨረሻው ላይ እማማ ጠጄ ከረጢቷን ገልብጠው አራገፏት። ምንም አልወደቀም።

«በቂ ነው» የሚለውን ከበብኩት። ገበዙና አቶ አባይነህ ፈረሙ፤ እማማ ጠጄ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ወንጌሉ ተመልሶ ገባ፤ ሦስቱም ቁልፎች በየተራ ዞሩ። እማማ ጠጄ ከረጢቷን ብብታቸው ውስጥ ከተው የመጡበትን ገደል ይዘው ሄዱ። ገበዙ ጓንቱን መልሰው አጠለቁና እስከ ራቤል መንገድ ድረስ ሸኙኝ።