ጾም የገደፉት በጎች

የእንስሳት ሐኪሟ ማሽኗን ይዛ የበጎቻችንን እርግዝና ልታይ የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው። «ሆዳቸው ባዶ ካልሆነ ማሽኑ አያሳይም፤ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ብላ አስጠንቅቃናለች። እኔም ትናንት ከቀትር በኋላ አሥራ ስምንቱን እናት በጎች ጉረኖ አስገባሁ። ጠርጌ፣ ጎዝጉዤ፣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ቤት ሰቀልኩ።

ዛሬ ሐኪሟ አንዷን አየች፣ ሁለተኛዋን አየች፣ ሦስተኛዋ ላይ ማሽኑን አጠፋችው።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ጠግበው ነው ያደሩት! ጽንስ ቢኖርም አይታየኝም።»

ደሜ ፈላ። ሚስቴ ደብሪቱ ትናንት በጎቹ ሲጮኹ ሰምታ፣ «እንስሳ በምን ኃጢአቱ ይጾማል?» ስትል አምሽታለች። ከእሷ በቀር ማን ያበላቸዋል?

«በማርያም፣ እፍኝ አልሰጠኋቸውም» አለች።

«ደግሞ ትምያለሽ!» ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ዋሾ አልኳት። ዓመት የጠበቅኩትን ቀን ያበላሸችብኝ እሷ፣ የምትቆጣውም እሷ! ነጠላዋን አጣፍታ የአባቷን ቤት መንገድ ያዘች። ትሂድ! ማንም አይለምናት!

ሐኪሟ ዕቃዋን ሸክፋ ስታበቃ ወደ ጉረኖው አንገቷን አስገባች።

«ጋሼ፣ ትናንት ምን ነበር የጎዘጎዙላቸው?»

«የገብስ ጭድ ነዋ! እንዳይበርዳቸው ብዬ ሁለት ሸክም ሙሉ።»

«የታለ?»

ገብቼ አየሁ። በጎቹ ጥርግ ባለ መሬት ላይ ቆመው ያመሰኳሉ።

ሮጬ ወጣሁ። ደብሪቱ ወንዙን ተሻግራ የማዶውን ዳገት አጋምሳዋለች።