አረንጓዴው አምባር

የሁለት ዓመቷ ልጄ ትንግርት ምራቋን መዋጥ ስላቃታት ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ልብስ ቀይሬላታለሁ። ስጠራት አንገቷን አታዞርም፤ በመላ አካሏ ነው የምትዞረው። እጇ ላይ ያለው የጤና አምባር ግን አረንጓዴ ያበራል።

«አረንጓዴ ከሆነ ሐኪም አይጠራም፣ እናቴ» አለች የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ልጅ።

«ትንፋሿ ሲያፏጭ አይሰማሽም?»

«አምባሩ ይሰማል።»

«አምባሩ አላጠባትም! ያጠባኋት እኔ ነኝ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አምባሩን የምትቃወሚ ከሆነ በእጅሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ከተሳሳትሽ ግን አምባሩ ይወሰዳል፤ ልጅሽን እስክታድግ የትም አያክሙልሽም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞስ ማን ይጽፋል? ሁሉ ነገር በድምፅ ከሆነ ወዲህ እኔም ማንበብና መጻፍ አልተማርኩም።»

እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ እየጠራሁ ጻፍኩ።

«አምባሩ ተሳስቷል። ልጄን ሰው ይያት። እናቷ ነኝ፣ እናኑ።»

ሐኪም ተጠርቶ መጣና የትንግርትን አፍ አየ፤ አንገቷን ዳሰሰ።

«ከጉሮሮዋ ኋላ መግል ቋጥሯል። ትንሽ ቢቆይ ትንፋሿን ይዘጋው ነበር» አለና አቅፏት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሮጠ።

እኔን በሩ ላይ አስቀሩኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጄ ስታለቅስ ስሰማ ነው እኔም የተነፈስኩት።

ዞር ስል የካርድ ክፍሏ ልጅ ወረቀቴን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ተሳስቷል የሚለው የትኛው ነው?» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ አሳዪኝ።»