ወፍጮ የጫነው የቀልድ ዘመድ

ቲፖኮ የሞተር ወፍጮ ልትረከብ ሲንካንሴ ጠረፍ ስትደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ወፍጮው የእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዞርጎ ሰፈሯ ሴቶች ከዛፍ ፍሬ የሚወጣውን የሺያ ቅቤ እየሸጡ፣ ከአፋቸው እየነጠቁ ያጠራቀሙበት ነው። ሙቀጫ ትከሻቸውን ጨርሶታል። ባሕር የሌለው አገር ሰው ምን ያርግ፣ መርፌም ሞተርም ከሰው ወደብ ተጭኖ እስኪመጣለት ደጅ ይጠናል። ሴቶቹ ሲሸኟት «ወፍጮውን ሳትይዢ እንዳትመጪ!» ብለው ሳቁ። የምራቸውን ነው።

ሾፌሮቹ እንደ ዝንብ ወረሯት። ከመሀላቸው አንዱ ኮፍያውን ወደ ኋላ ያዞረ ጮኸ።

«አንቺ ሞሲ! አህያሽን በልተሽ ጨርሰሽ ነው መኪና ፍለጋ የመጣሽው?»

«ማነህ አንተ ደግሞ?»

«ድሪሳ ፓሬ ነኛ! ሳሞ፣ ጌታሽ! እጅ ንሺ፣ ገረዴ!»

የቲፖኮ ፊት በራ። ሞሲና ሳሞ የሚባሉት ሁለት ነገዶች የቀልድ ዘመድ ናቸው፤ ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሰዳደቡ ይኖራሉ። ቂም መያዝ ነውር ነው፣ አንዱ ሌላውን መበደልማ ያስቀስፋል። ሰው በማታውቅበት ጠረፍ ሳሞ ማግኘት የወንድም ልጅ እንደማግኘት ነው።

«ጌታዬ? የውሻ ራስ ስትቆረጥም ጥርስህ ያለቀው ሰውዬ?» አለችው። ወፍጮ ጫኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

የዞርጎ ልጅ የሆነ ሌላ ሾፌር፣ «እናቴ፣ እኔ ያገርሽ ልጅ ነኝ፣ የአባቴን ቤት ታውቂዋለሽ» እያለ ቢለማመጥ ማን ይስማው። ወፍጮው ፓሬ መኪና ላይ ወጣ።

ቴንኮዶጎ ኬላ ላይ አንድ ጀንዳርም፣ የመንገድ ጠባቂ ፖሊስ፣ እጁን ዘረጋ። አጠገቡ ጨርቅ ከረጢት ያንጠለጠለ ሽማግሌ ቆሟል።

«እኚህን ሰው ኩፔላ አድርሷቸው። ከባዕድ አገር እርሻ እየተመለሱ ነው፣ የሞሲ ቋንቋ አይሰሙም።»

ፓሬ ፊቱን አጨፈገገ፤ ጀንዳርምን እምቢ አይባልም። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ ቲፖኮ መሀል ገባች።

ስድቡ ቀጠለ። «ሳሞ ባይኖር እናንተን ማን ይገዛችሁ ነበር?» ይላል ፓሬ። «ውሻ ይገዛን ነበራ፣ እናንተ ጨረሳችሁት እንጂ!» ትላለች ቲፖኮ። ሽማግሌው ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆየና ድንገት ፈገግ አለ። በሷ ላይ ተሻግሮ ለሾፌሩ አንድ ነገር ተናገረ። ደገመው። ፓሬ ራዲዮኑን ከፍ አደረገ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ቲፖኮ።

«የዶጎን ቋንቋ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» አለ ፓሬ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ኋላ የተጫነው ሞተር ስንት ያወጣል ነው የሚለኝ።»

ቲፖኮ ዞር ብላ በኋላው መስኮት ወፍጮዋን አየች።

ሽማግሌው አልተወም። ደረቱን እየነካ፣ ጣቱን ወደ ፓሬ እየቀሰረ ይጠይቃል። «አሁንስ?» «ማን ይጠብቀዋል አለኝ።» «አሁንስ?» «ተይኝ ገረዴ፣ ባልነግርሽ ይሻላል።»

ኩፔላ ዳር ሲደርሱ መኪናው ቆመ። ቲፖኮ ከረጢቱን ወርውራ ሽማግሌውን በትከሻዋ ገፍታ አወረደችው። ሽማግሌው አልተቆጣም፤ ሳቅ እንደማለት ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሳቁ ይባስ አናደዳት።

«ሌባ ሲስቅ አየህ?»

«እንዲህ ያለው ብቻውን አይሄድም» አለ ፓሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሞተር ሳይክል የያዙ ጓደኞች ይኖሩታል። ነዳጅ ቀድቼ እስክመለስ ያዢው። አንቺን የመሰለች አህያ በሊታ ይዛው የት ይሄዳል?»

«ሂድ አንተ! ዝንብ አታልፈኝም።»

ቲፖኮ ወረደች፣ መኪናው ሄደ። ቲፖኮ የሽማግሌውን እጀ ጠባብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ቆመች። ሽማግሌው መኪናው ወደሄደበት እያሳየ ይጮሃል፣ ሊሮጥ ይታገላል። እሷም ልቀቂ ብትባል ትለቃለች? «አርፈህ ቁም! ጓደኞችህን ልትጠራ ነው?»

ፀሐዩ ዘቀዘቀ። ነዳጅ ማደያው እዚያው ማዶ ይታያል፤ መኪናው የለም። ያን ጊዜ ነው ቲፖኮ እዬዬዋን ያቀለጠችው።

«ገደሉት! ልጄን ገደሉት! ፓሬዬን!»

ሽማግሌውን እየጎተተች ጀንዳርም ጣቢያ ገባች። «የዚህ ሰው ጓደኞች ሾፌሬን ገድለው ወፍጮዬን ወሰዱ! የሰፈሬን ሴቶች በምን ዓይኔ አያለሁ? ወፍጮውስ ይቅር፣ ያን የመሰለ ሳሞ! ምን አለ የኔን ነፍስ ቢወስዱ!»

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ወጣት ጀንዳርም ሽማግሌውን በምልክት አናገረው። ሽማግሌው ቃሉን እንደ ውሃ ለቀቀው። ጀንዳርሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነሣ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣውና በዚያው በራሱ ቋንቋ መለሰለት። ብዙ ተነጋገሩ። ጀንዳርሙ ቲፖኮን አየት አድርጎ ዓይኑን ሰበረ።

«ምን አለ? ጓደኞቹ የት ነው ያሉት? ንገረኝ እንጂ ልጄ!»

«እማማ፣ እኚህ አባት እንዲህ ነው የሚሉት፦ "መንገዱን ሙሉ በእኛ በሳሞዎች ቋንቋ የማን ልጅ ነህ እያልኩ ስጠይቀው፣ ያ ሾፌር አንዲት ቃል አልገባውም።"»