ቀላሉ ይውጣ

አፈር የለበሰው የከሰሉ ክምር በምሥራቅ ጎኑ፣ ወደ ጫፉ አካባቢ ተቀድዷል። በቀዳዳው ጭስ ብቻ ሳይሆን ቀይ ነገር ይታያል፤ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ቶሎ አፈር ካልለበሰ፣ አምስት ዓመት ያሳደግነው የዲከረንስ ዛፍ እስከ ማታ አመድ ይሆናል። አዲስ ቅዳም ዙሪያ ከሰል የሚያከስል ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚደረገውንም ያውቃል። ክምሩ ከውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ ከባድ ሰው አይወጣበትም። ከቤቱ ሰው ቀላሉ አፈርና ሣር ይዞ ይወጣል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ይወርዳል።

«ምን ሁናችሁ ነው የምትገተሩት?» ይላል አባባ። «ቀላሉ ይውጣ።»

ማንን እንዳለ አይናገርም። ስም አይጠራም፤ ያኔም አልጠራም። ሲናደድ በአገውኛ ነው የሚጮኸው፤ እኔ ልክ ነኝ ሲል ግን በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ ነው። አሁን በአማርኛ ነው።

ያኔ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ታናሻችን ሰውነት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ታላቃችን ይሄነው ዐሥራ አምስት፣ እኔ ዐሥራ ሦስት። ቦታውም ይኸው ማሳ ነው። አባባ «ቀላሉ ይውጣ» ሲል ይሄነው «እኔ እከብዳለሁ» አለ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ የቀሚሴን ጫፍ አየሁ። ሰውነት ከቁመቱ የሚበልጥ አካፋ ይዞ እየሳቀ ወጣ። እሱ ተመርጦ ነበርና ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ አፈሩ ከዳው፤ ሁለት እግሩ እስከ ጉልበቱ ፍሙ ውስጥ ገባ። አባባ ጎትቶ አወጣው፣ ይህን አልክደውም። ካወጣው በኋላ ግን መጀመሪያ ዞሮ ያየው ክምሩን ነው።

እማዬ ጤና ጣቢያ ለጠየቃት ሁሉ «እሳት ዳር ሲጫወት ወደቀ» አለች። እኛም እንደዚያው አልን። እማዬ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ውሸቷን ግን አውርሳን ሄደች። አባባማ ጭራሽ አመነው። ባለፈው ፋሲካ ከጎረቤት ጋር ጠላውን ይዞ «ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ አይሰማም ነበር፤ ካላመንክ እግሩን እይ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ናቅሁት። ጥላቻ እንኳ ያንገበግባል፤ ንቀት ቀዝቃዛ ነው። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ አንተ ካልኩት ቆየሁ።

ይሄነው ጫግኒ ባጃጅ ይነዳል። ከሰሉ ሲወጣ ድርሻው እንዳይቀርበት ትናንት መጥቶ፣ ጫማው እንዳይቆሽሽ ከሣሩ ላይ ቆሟል። አሁን ወደ ሰውነት ዞሮ «ምን ትጠብቃለህ? ያንተ እግር እንደሆን ለምዶታል» ይልና ብቻውን ይስቃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ለአባባ ሊናገረው ያልደፈረውን ሁሉ ሰባት ዓመት በዚህ ልጅ ላይ ሲያራግፍ ኖሯል።

ሰውነት ጎንበስ ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል። ወንዝ ሲሻገር እንኳ የማይገልጠው የተጨማደደ ቆዳ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። አካፋውን ያነሣል። ሊወጣ ነው። እንዲህ መታዘዙ ያበግነኛል፤ ለአፍታ እሱንም እንቀዋለሁ። ከዚያ አካፋውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ሲይዘው አያለሁ።

ያኔ ቀሚሴን ያየሁት ይበቃኛል።

«አባባ» እላለሁ። «ከእኛ መሐል ቀላሉ እርስዎ ነዎት።»

እውነት ነው። ሰውነት እግሩ ቢጎዳም እንጨት ሲፈልጥ ኖሮ ትከሻው ሰፍቷል። ይሄነው በሃያ ሁለት ዓመቱ ቦርጭ ጀምሯል። አባባ ግን የጨጓራ ሕመሙ ከጠናበት ወዲህ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ሲያመው እስከ መኪና መንገድ ድረስ ያዘልኩት እኔ ነኝ። አንድም ጊዜ አላረፍኩም። ክብደቱን አውቀዋለሁ።

«አንች ምን አልሽ?»

«ቀላሉ ይውጣ ብለዋል።»

ይሄነው የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ መሬት መሬቱን ያያል። ሰውነት እኔንም አባባንም ተራ በተራ ካየ በኋላ አካፋውን ለአባባ ያቀብለዋል። ለማላገጥ አይደለም፤ ማላገጥ አያውቅበትም። ደንቡ እንዲያ ስለሆነ ነው። አባባም ሦስታችንም እያየነው ስለሆነ ይቀበላል። ወደ ክምሩ ይጠጋል። ቀኝ እግሩን አፈሩ ላይ ያሳርፋል፤ የለበሰው ኮት ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስላል። አፈሩ ይሰምጣል፤ ትንሽ፣ የጣት ያህል ብቻ። አባባ እግሩን መንጭቆ ይመልሳል።

ፍርሃቱን በፊቱ ላይ አያለሁ። ይህን ባይ ደስ ይለኛል ብዬ ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር። ግን ደስ አይለኝም።

«ይቃጠል» ይላል አካፋውን ጥሎ። «ከሰል አይደል እንዴ፤ ይቃጠል።»

ለካ እንዲህ ማለት ይቻል ነበር። ያን ቀንም ይህችው ቃል አፉ ውስጥ ነበረች።

ሰውነትም ሰምቷታል። ቀዩ ቀዳዳ እየሰፋ ሲሄድ ቆሞ ያያል። ከዚያ ሣሩ ላይ ይቀመጥና የጠቀለለውን ሱሪ ቀስ ብሎ ያወርዳል፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን።